ሦስት ቀን በቀኝ ጎን

ኑርሀያት በዚህ ዓለም የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖር የአማቷ የዑምኩልሱም ጀርባ ነበር። ሰው በከብቱ ይኮራል፣ በልጁ ይኮራል፣ ጅዳ ሆኖ በሚልክለት ወንድሙ ይኮራል። እሷ ልጅ አልወለደችም፤ ከብቷም ያቺው አንዲት ላም ናት፤ ባሏ ሐቢብ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። የቀራት የአሮጊቷ ጀርባ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ያልተነሳ፣ አንዲት ቁስል ያልወጣበት ጀርባ።

ነገሩን ቀላል ያደረገ ሰው ካለ መጥቶ ይሞክረው። ዑምኩልሱምን ስትሮክ ሲመታቸው ቀኝ እጅና ቀኝ እግራቸው ዛለ፤ ምላሳቸውም አብሮ ታሰረ። አእምሯቸው ግን አልተነካም፤ ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ይለያሉ። አዎ ለማለት ሲፈልጉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተሻለች ያን ጊዜ ኑርሀያትን ቁጭ አድርጋ፣ "በሽታው አይደለም የሚገድላቸው፤ አልጋው ነው" አለቻት። "አጥንትና አልጋ ቆዳን መሀል አድርገው ሲጫኑት ደም አይደርሰውም። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። በሁለት በሁለት ሰዓት ገልብጪያቸው።"

ኑርሀያት ሰዓት አልነበራትም፤ የነበራት የመስጊዱ አዛን ነው። በአዛን ትገለብጣለች፣ በአዛንና በአዛን መሀል ትገለብጣለች፤ ከንጋቱ ፈጅር እስከ ቀትሩ ዙህር ያለው ሰፊ ስለሆነ እዚያ ላይ ሦስት ጊዜ ትገባለች። በግራ፣ በጀርባ፣ በቀኝ። በጉልበቶቻቸው መሀል የታጠፈ ነጠላ ታደርጋለች። ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ባታቸው ስር ትራስ ታስገባለች። ከወገባቸው በታች ጠጉሩ ያልረገፈ የበግ አጎዛ ታነጥፋለች። ሲሸኑ ወዲያው ታጥባለች፣ ታደርቃለች። ከዚያ አጥንት የገፋበትን ቦታ ሁሉ በጣቷ ትዳስሳለች፤ ትኩስ ያለ ወይም ደንደን ያለ ቦታ ካገኘች በዚያ ጎን ያን ቀን አታስተኛቸውም። ሰርግ ቀርቶባታል። ለቅሶ እንኳ ብትሄድ ሳትቀመጥ ትመለሳለች። የሰፈሩ ሴቶች፣ "ኑርሀያት እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ናት" እያሉ ይስቁባት ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር።

የዑምኩልሱም ትልቁ ልጅ ባድሩ ኮምቦልቻ የብረታ ብረት ሱቅ አለው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ሐቢብን የወለደ ሆድ ባድሩንም ወለደ። ከኮምቦልቻ እነሱ ወዳሉበት ወደ ሐይቅ ከተማ ለመምጣት ቁርስ በልቶ የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል፤ እሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቴ መጣ፣ ያውም ለዒድ፣ ያውም ጫማውን ሳያወልቅ። ሆኖም ከታች ከአስፋልቱ የሚኒባስ ጥሩንባ በተሰማ ቁጥር የአሮጊቷ ዓይን በሩ ላይ ይተከላል፤ ፊታቸው ይበራል። ኑርሀያት ይህን ታያለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠበች፣ ያጎረሰች እሷ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ለእሷ እንደዚያ አልበሩላትም። ይህ ነገር ያንገበግባት ነበር። ቢሆንም የመገልበጫው ሰዓት ሲደርስ ትነሳለች።

በመጋቢት ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ዑምኩልሱም እንደ ምጣድ ግለው ተገኙ። ትንፋሻቸው ያጥራል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ኑርሀያት ጎረቤት ጠርታ፣ በቃሬዛ አስወርዳ፣ በባጃጅ ከዚያም በሚኒባስ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። የሆስፒታሉ ስም ይቅር፤ ስሙ ቢጠራ የሚቀየር ነገር የለም። ድንገተኛ ክፍሉ ሞልቶ ነበርና ዑምኩልሱም የተኙት ኮሪደር ላይ፣ ስትሬቸር ላይ ነው። ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ መድኃኒት በደም ሥራቸው ገባ። ሳንባ ምች ነው ተባለ።

የተቀበለቻቸው ነርስ መንበረ ትባላለች፤ የሐይቅ ቄስ ልጅ ናት። ልብሳቸውን ገልጣ ጀርባቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ ተረከዛቸውን አየች። ደግማ አየች።

"እኝህን እናት የሚይዛቸው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ልጃቸው ነሽ?"

"የልጃቸው ሚስት ነኝ። ልጃቸው ሞቷል።"

መንበረ ልብሳቸውን መልሳ ሸፈነች። "አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት ዓመት ተኝቶ እንዲህ ያለ ገላ አላየሁም" አለችና በካርዳቸው ላይ ጻፈች፤ ቆዳ ሙሉ ነው፣ ቁስል የለም። "አሁን ስሚኝ። አልጋ እስኪገኝ እዚህ ላይ ናቸው። ይህ ፍራሽ ስስ ነው፣ ከስሩ ብረት ነው። እቤት ሁለት ሰዓት የሚችል ገላ፣ ትኩሳት ሲኖረውና አየር ሲያጥረው ሁለት ሰዓት ላይችል ይችላል። ፈጠን እያልሽ ገልብጪ። አትጎትቻቸው፣ ቆዳው ይላጣል፤ አንሺያቸው። የኦክስጅኑ ቱቦ ጆሯቸው ስር እንዳይቀር።"

ድንገተኛ ክፍሉ ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለአስታማሚው በክር አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቢጫ ካርድ ይሰጣል፤ ካርድ የሌለው ከግቢው በር አያልፍም። ኑርሀያት ካርዷን አንጠለጠለች፣ ከቤት ያመጣችውን አጎዛ አነጠፈች፣ ሥራዋን ቀጠለች። እስከ ዓርብ ጠዋት ድረስ አሮጊቷ ላይ አንዲት ደንደን ያለች ቦታ አልተገኘችም።

ዓርብ ጠዋት ባድሩ መጣ። ኮት ለብሷል፣ ሦስት የገበያ ጓደኞቹን አስከትሏል፤ ተራውን ሊለቅ የነበረው የሌሊት ዘበኛ ኮቱን አይቶ ያለ ካርድ አሳልፏቸዋል። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አቁሞ ጠየቀው። ሐኪሙም፣ "ሁኔታቸው ከባድ ነው፤ መድኃኒቱን ግን እየተቀበሉ ነውና ተስፋ አለን" አለው። ባድሩ የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ወደ ስትሬቸሩ መጥቶ እጁን ዘረጋ።

"ካርዱን አምጪ።"

"ጋሼ፣ እኔ ልሁን እንጂ። መገልበጣቸውን የማውቀው እኔ ነኝ።"

"የምን መገልበጥ ነው?"

ነገረችው። አጥንቱን፣ ደሙን፣ ሰዓቱን፣ ብረቱን፣ ሁሉን ነገረችው። ባድሩ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሳቀ። "ነፍሷ ልትወጣ የምትታገልን እናት እንደ ቂጣ ላገላብጣት ትላለች! አጂብ ነው እኮ።" ከዚያ ሳቁን አቆመ። "አንቺ ባዳ ነሽ፣ ኑርሀያት። ሥጋዋ እኔ ነኝ። በሞቷ ሰዓት ሸሃዳ የምላት እኔ ነኝ። አምጪ ብያለሁ።"

"ይውሰዱት እሺ። ብቻ በአላህ፣ በሁለት ሰዓት አንዴ ያዟዙሯቸው። በተለይ ቀኛቸው አይሰማቸውም፤ ቢያማቸውም አይናገሩም።"

"እሺ፣ እሺ" አለ፤ ዝንብ እሽ እንደሚሉት። ክሩን ራሱ ከአንገቷ አወጣው።

ከዚያ አጎዛውን ከእናቱ ስር ስቦ አወጣ። "ይህ የኔ ቢጤ መተኛ ምንድነው? ሰው መጥቶ ምን ይለኛል?" ብሎ ለኑርሀያት ወረወረላት። ስልኩ ላይ ቂብላን፣ የመካን አቅጣጫ፣ የሚያሳይ ነገር ነበረውና አወጣው፣ ዞረ፣ አነጣጠረ፣ እናቱን በቀኝ ጎናቸው አድርጎ ፊታቸውን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ አስተኛቸው። ለጓደኞቹም፣ "ከዚህ በኋላ ማንም አይነካትም" አለ።

የሚያጣጥርን ሰው በቀኝ ጎኑ ወደ ቂብላ ማስተኛት የቆየ ወግ ነው፣ ደግ ወግም ነው። ግን የነፍስ መውጫ ወግ ነው፤ የደቂቃ፣ ቢበዛ የሰዓት ነገር። ባድሩ ሁለት ዓመት ያልሠራውን ልጅነት በአንድ ጊዜ ሊሠራው ፈለገና ሦስት ቀን አደረገው።

ኑርሀያት አጎዛዋን ታቅፋ ከግቢው በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዝናው የሚባለው የበሩ ዘበኛ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ካርድ ካርድ ነው። "እህቴ፣ እኔ እንጀራዬ ነው" ይላታል። መስጊዱ ከሆስፒታሉ ብዙም አይርቅም። አዛን ሲል ከተቀመጠችበት ትነሳለች፤ እጇ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። አሁን በጀርባ፣ ትላለች። ቀጥሎ ሲል፣ አሁን በግራ። አጠገቧ የተቀመጡ አስታማሚዎች መጀመሪያ አዘኑላት፣ ቆይተው ግን ከአጠገቧ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በዝናው በኩል ለሲስተር መንበረ ቃል ላከች፤ ገለበጧቸው ወይ ብላ። መንበረ ሥራዋን ትታ መጣች፣ አየች፣ አሮጊቷን አንስታ በግራ አስተኛቻቸው። ፊቷን ከማዞሯ ባድሩ ወደ ቀኝ መለሳቸው። እንደገና መጣች።

"ጋሼ፣ ይሄ የአልጋ ቁስል ያመጣባቸዋል። በሰው እጅ የሚመጣ ቁስል ነው።"

"ሲስተር" አላት ባድሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአክብሮት፣ "የሃይማኖት ጉዳይ ነው።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። መንበረ ከእስላም ጎረቤት ጋር ያደገች የወሎ ልጅ ናት። በዒድ እሷ እነሱ ቤት፣ በፋሲካ እነሱ እሷ ቤት፤ ከሁሉ በፊት የተማረችው የሰው ሃይማኖት እንደማይነካ ነው። ሐኪሙን ልትጠራ ትችል ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ ሼህ ጠርታ ልትጠይቅ ትችል ነበር። አፍራ ተወችው። "ቤተሰብ አልፈቀደም" ብላ የሕክምና ካርዳቸው ላይ ጻፈች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ተረኛ አልነበረችም። ያ ጨዋነት በዚያ አገር ስንቱን ጠብ አብርዷል፣ ስንቱን ቤት ከመቃጠል አትርፏል። የዚያን ዕለት ግን ሰው ገደለ።

ቅዳሜ ባድሩ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ኑርሀያት በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ጋሼ፣ ገለበጧቸው?"

"አብሽሪ፣ ደህና ናት። ካስተኛኋት ንቅንቅ አላለችም!" አለ፣ ኩራት እየተናነቀው።

ንቅንቅ አላለችም። ኑርሀያት ይህን ስትሰማ የኮቱን እጅጌ ጨብጣ፣ "ለአንድ ጊዜ ያስገቡኝ፣ እግርዎን ልሳም፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ልዳስሳቸውና ልውጣ" አለች። ባድሩ ሰው እንደሚያያቸው አስተዋለና እጅጌውን አስለቀቀ። "ልክፍት ይዟታል" አለ ለዘበኛው። ካርዱን ለምሳ ሰዓት እንኳ ለጓደኛው ሰጥቶ ነበር የወጣው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እሑድ ጠያቂ ጎረፈ። ከሐይቅ የመጣው፣ ከኮምቦልቻ የመጣው፣ በየተራ አንድ አንድ እየሆነ በዚያው ቢጫ ካርድ ይገባል፤ ዑምኩልሱም በቀኝ ጎናቸው ፊታቸውን ወደ ቂብላ አድርገው፣ ባድሩ የተስቢሕ መቁጠሪያውን ይዞ ራስጌያቸው ተቀምጦ ያገኛቸዋል። ሲወጣም፣ "ማሻአላህ፣ ልጅ እንዲህ ነው እንጂ!" ይላል። ኑርሀያት በሩ ላይ ሁሉንም ሰማች። ይህ ሁሉ ሰው ሲገባ አንድ እንኳ ብርድ ልብሱን የገለጠ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት የዑምኩልሱም ትኩሳት ለቀቀ። ኦክስጅኑ ተነቀለ። ዓይናቸውን ገለጡ፣ በማንኪያ ውኃ ቀመሱ። ሐኪሙ እየሳቀ፣ "እናታችን ድነዋል፤ ከሰዓት ወደ ቤት ይሄዳሉ" አለ። ባድሩ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ትንሽ ቅሬታ ነበር፤ ኮምቦልቻ ሁሉ ለቀብር ተነግሮ ነበርና።

ልብሳቸውን ልትቀይር የመጣችው መንበረ ናት። ከቀኝ ጎናቸው ስታነሳቸው አንሶላው አብሮ ተነሳ፤ ተጣብቆ ነበር። ዳሌያቸው ላይ፣ አጥንቱ የገፋበት ቦታ፣ መዳፍ የሚያህል ሥጋ ጠቁሮ ሐምራዊ ሆኗል፤ ዙሪያው ረጥቧል። የቁርጭምጭሚታቸው አጥንት ላይ ሌላ ነበር። ቀኝ ጆሯቸው የኦክስጅኑ ቱቦ በተኛበት ልክ ተቆርጧል። መንበረ በግራ ጎናቸው አሳረፈቻቸው። ከዚያ ካርድ ይኑራት አይኑራት ያቺን በር ላይ ያለችውን ሴት አምጡልኝ ብላ ጮኸች።

ኑርሀያት ገብታ አየች። ጣቷን አሳርፋ ዳሰሰች፤ ሥጋው ቀዝቅዟል፣ ከስሩ እንደ በሰበሰ ፍሬ ይላላል። ለአንድ ሰው ሁለት ዓመት የሠራችው ሥራ በሦስት ቀን አለቀ። ጮኻ አለቀሰች፤ ባሏ ሲሞትም እንዲህ አላለቀሰችም።

"ይሄ እንግዲህ ከቤት ይዛው የመጣችው ነው" አለ ባድሩ። "ሁለት ዓመት የተኛች ሴት ናት፤ ምን ይጠበቃል?"

መንበረ የሕክምና ካርዳቸውን አወጣች። "ሐሙስ በእጄ የጻፍኩት ይኸው፤ ቁስል የለም ይላል። ዓርብ የጻፍኩትም ይኸው፤ እርስዎ አልፈቀዱም ይላል።" ከዚያ ወደ ኑርሀያት ዞረች። "እኔም አለሁበት። ዝም ብያለሁ።"

ባድሩ ካርዱን አላየውም። ዞሮ ስልኩን አወጣ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል ይሄንን፤ እነ ኑርሀያት በሚኒባስ ሐይቅ ሳይደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ደረሰ። ኑርሀያት አሮጊቷን አበሰበሰቻት የሚል ወሬ።

የሆስፒታል ካርድ ደግሞ ማን ያነባል? የሚነበበው ሽታው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጥቁሩ ሥጋ ተገምሶ ወደቀ፤ ስሩ ጉድጓድ ሆነ። ጠያቂ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ይገባል፣ ሳይቀመጥ ይወጣል። ጎረቤታቸው ራህመት፣ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ እያለች ትስቅ የነበረችው ራህመት፣ ጠጋ ብላ፣ "ያ የምትኮሪበት ጀርባ ይኸው ነው?" አለቻት። ኑርሀያት የፋሻውን ሳፋ ይዛ ወጣች። ተሻለች በየሁለት ቀኑ እየመጣች ቁስሉን ታጥባለች፣ ታሽጋለች፤ በአራተኛው ሳምንት አጥንቱን አየችና ተመልሰው ሆስፒታል መግባት አለባቸው አለች። ባድሩ በስልክ፣ "ደግሞ ልታንገላቷት? ተዋት፣ ትረፍ" አለ።

እንግዲህ በቀኝ መተኛት ቀረ። የቀረው በጀርባ ጥቂት፣ በግራ ብዙ ነው። አልጋው ግድግዳ ተጠግቶ ስለቆመ ዑምኩልሱም በግራ ሲተኙ ፊታቸው ወደ ጭቃው ግድግዳ ነው፤ በሩን አያዩም። ይህን አይወዱትም። የሚኒባስ ጥሩንባ ሲሰሙ አንገታቸውን ሊያዞሩ ይታገላሉ፤ ኑርሀያትም አዝናላቸው አንዳንዴ ከሰዓቱ አስቀድማ በጀርባ ትመልሳቸው ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ዙህር ተሰግዶ ሲወጣ ባድሩ መጣ። የሰፈሩን ሼህ፣ ሼህ ሰላሀዲንን፣ እና አራት ሽማግሌዎችን ከመስጊዱ በር ይዞ ነው የገባው። ኑርሀያት አማቷን አሁን ገና ከግራ ወደ ጀርባ መልሳ፣ ቁስሉ እንዳይነካ ወገባቸውን በአጎዛው ደግፋ፣ እጇን እየታጠበች ነበር። ባድሩ የእናቱን ፊት አየ፤ ፊታቸው ጠውልጓል፣ ጉንጫቸው ገብቷል።

"በቀኝ ጎኗ ወደ ቂብላ አድርጊያት" አለ።

"አይሆንም።"

"ምን አልሽ?"

ኑርሀያት ከአልጋው ስር ሳፋውን አወጣች። ጠዋት ከቁስሉ ያወጣችው ፋሻ እዚያው ነበር። ሳፋውን በሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠች፤ ጡጫዋን ጨበጠችና አሳየቻቸው። "ቀኝ ጎናቸው ላይ ያለው ጉድጓድ ይህን ያህላል። አጥንት ይታያል። በዚህ ላይ ላስተኛቸው?"

ሼህ ሰላሀዲን ፊታቸውን ከሳፋው አዞሩ። "ያ ረቢ። ይሄ እንዴት መጣ?"

ባድሩ ነው የመለሰው፤ ያን ጊዜም ቢሆን በኩራት። "እኔስ የሚገባትን አድርጌላታለሁ፣ ሼህ። ሆስፒታል ሦስት ቀን ወደ ቂብላ አስተኝቼ አንዴ እንኳ አላስነካኋትም።"

"ታጣጥር ነበር?"

"ሐኪሙ ከባድ ነው አለኝ።"

"ከባድ ነው ማለትና ነፍሷ እየወጣች ነው ማለት አንድ ነው?" ሼሁ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ዲናችን ገር ሃይማኖት ነው፣ ባድሩ። በሽተኛ በቻለው ነው የሚጠየቀው፤ ተቀምጦ፣ ተኝቶ፣ በዓይኑ። ለሚሞት ሰው የተባለውን በሕይወት ባለች ሴት ላይ ሦስት ቀን ጫንክባት። ዛሬ በእውነት ቢያስፈልጋት የምትተኛበት ጎን አሳጣሃት።"

ባድሩ የእናቱ አልጋ ስር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ እንባው የውሸት አልነበረም። እያለቀሰም ቀና አለ።

"እሷ ለምን አልነገረችኝም?" አለ፣ ኑርሀያትን እያሳየ። "ሁለት ዓመት የያዘቻት እሷ ናት፤ ታውቅ ነበር። ብትነግረኝ ኖሮ የእናቴን ሥጋ እኔ አስበላ ነበር?"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

ኑርሀያት ስትሬቸሩ ዳር የነገረችው፣ ካርዱ ከአንገቷ ሲወጣ የነገረችው፣ የሆስፒታሉ በር ላይ እጅጌውን ይዛ የለመነችው ሁሉ በፊቷ አለፈ። ከዚያ፣ "እማዬ ሰምተዋል" አለች። "ስነግረው እዚያው ነበሩ፤ ጆሯቸው አልተያዘም። እሳቸውን ይጠይቁ።"

ሼሁ ወደ አልጋው ጎንበስ አሉ። "እመት ዑምኩልሱም፣ ኑርሀያት ለልጅዎ ነግራው ነበር? አዎ ከሆነ ዓይንዎን ይጨፍኑ።"

ዑምኩልሱም ኑርሀያትን አዩዋት። ረጅም ጊዜ ነው ያዩዋት። ቀጥሎ እግራቸው ስር የተንበረከከውን ልጃቸውን አዩ፤ ራሱ መሀሉ ላይ ገለጥ ብሏል፣ አፍንጫው ይፈሳል። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። እንባ ሞላው፣ ሽፋሽፍታቸው ተንቀጠቀጠ፣ እንዳይከደንባቸው እየታገሉ ከፍተው ያዙት። ከዚያ ያቺን የምትሠራ ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው አንስተው የባድሩ ራስ ላይ አሳረፉ።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ" አለ አንዱ ሽማግሌ። ሌላው ወደ ኑርሀያት ዘንበል ብሎ በለዘበ ቃል፣ "ልጄ፣ ብትነግሪው ደግ ነበር" አላት።

በሌላ ቀን ቢሆን ልጃቸው ነው፣ እናት ናቸው ብላ ታልፈው ነበር። ያን ቀን አላለፈችውም። ያን ጊዜ ኑርሀያት አማቷን ጠላቻቸው። ከባድሩ ይልቅ፣ ከራህመት ይልቅ፣ ከዚያ ቢጫ ካርድ ይልቅ ጠላቻቸው።

ሼሁ ዱዓ አድርገው ሽማግሌዎቹን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ። ባድሩ የእናቱን እጅ ይዞ ቀረ። ፊት ለፊት ናቸው፤ አሮጊቷ ያን በር በር ሲያይ የኖረ ዓይናቸውን ልጃቸው ፊት ላይ ተክለዋል፤ በዚያ በጠወለገ ፊት ላይ ያ የሚታወቀው ብርሃን መጥቷል። ኑርሀያት ብርድ ልብሱን ልታስተካክል እግራቸውን ነካች። ቀዝቅዟል። ትንፋሻቸውን አዳመጠች፤ ይቆማል፣ ይቀጥላል። ያን ገላ ከማንም በላይ ታውቀዋለችና ቀኑ እንዳለቀ አወቀች። ሼሁን ልትጠራ ትችል ነበር።

"ጋሼ፣ ዞር ይበሉልኝ" አለች። "መገልበጫቸው ደርሷል።"

ባድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዛት። "እሺ፣ እሺ" ብሎ እጁን ለቀቀና ተነሳ። ኑርሀያት አማቷን እንደ ሁልጊዜው አነሳቻቸው፣ አልጎተተቻቸውም፤ በግራ ጎናቸው አስተኛቻቸው። ከጀርባቸው ትራስ፣ ከጉልበታቸው መሀል ነጠላ። ፊታቸው ወደ ጭቃው ግድግዳ ዞረ። ግራ እጃቸው ከስር ቀረ፤ ቀኙ ድሮም አይታዘዝም። በላያቸው አጎንብሳ ሳለች ዓይናቸውን አየችው። ዓይኑ ፈለጋት፣ ያዛት፣ ከዚያ ተጨፈነ። ተከፈተና እንደገና ተጨፈነ። እንደገና። አዎ፣ ነግራዋለች። አዎ።

ኑርሀያት አየች። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻቸው ስባ አለበሰቻቸውና ቀና አለች።

ባድሩ ከጀርባቸው ቆሞ ትከሻቸውን ይዟል። አልጋው ግድግዳውን ስለተጠጋ ፊታቸውን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። አንድ ሁለት ጊዜ እማ እያለ ጠራ። ጥቂት ቆይቶ ትከሻው ከእጁ ስር ዝም አለ። ሼሁ በጩኸቱ ሲገቡ ዑምኩልሱም አርፈው ነበር።

"ፊቷን ሳላየው" እያለ ያለቅሳል ባድሩ። "እያየችኝ ነበር እኮ! አሁን፣ አሁን እያየችኝ ነበር! የመገልበጫዋ ሰዓት በእርግጥ ደርሶ ነበር?"

"አዎ" አለች ኑርሀያት።

በጀርባቸው ካስተኛቻቸው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።